የአሉሚኒየም ቦዲ "እንደ መስታወት እናደርጋለን" ለሚሏችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡት፣ በተለይ የድሮ ላንድሮቨር ያላችሁ፣ ወይም ደግሞ የአሉሚኒየም ቦዲ ቀለሙን አስነስታችሁ እርቃኑን ማስወልወል ያሰባችሁ ሰዎች። እኔ 95 ሺህ ብር ከፍዬ የአባቴን መኪና አስበላሽቼ ነው የምጽፈው። የጋራዡን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ስጠያይቅ ዘዴው የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ ስም ብጠራ ያንን ቤት ሸሽታችሁ ሌላው ጋ ትገባላችሁ።

መኪናው ሲሪስ 3 ነው፣ ረጅሙ፣ ባለ 109 ኢንቹ። አባቴ ካረፈ በኋላ አራት አመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር፣ ዘመድ ሁሉ ሽጠህ ተገላገል ይለኛል፣ እኔ ግን አልቻልኩም፣ ትምህርት ቤት የተመላለስኩት በሱ፣ እህቴ የተዳረችው በሱ ነው። አምና ሞተሩን አሰርቼ ሲነሳልኝ ቀጥሎ ቦዲው አሳሰበኝ። አረንጓዴው ቀለም ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ላይ እየተላጠ ከስሩ ነጣ ያለው አሉሚኒየም ብልጭ ይላል፣ ያንን ሳይ ነው እንግዲህ ለምን ቀለሙ ጠቅላላ ተነስቶ እንዲህ አይሆንም ብዬ የተመኘሁት። ስልኬ ላይም የውጭ ሰዎች ያወለወሏቸውን አውሮፕላን የሚመስሉ መኪኖች እያየሁ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ደላላ ጋራዡ ድረስ ወሰደኝ። ባለቤቱ በጣም ጨዋ ሰው ይመስላል፣ "የኔ ወንድም" እያለ ነው የሚያናግረው። "ሙሉ መኪናው መስታወት ይሆንልሃል፣ በናኖ ስለምንዘጋው ሦስት አመት አይደበዝዝም፣ ዋስትና እንሰጣለን፣ በ10 ቀን ትወስዳለህ" አለኝ። ከዛ ከጠረጴዛው ስር አንድ ክንድ የሚያህል ላሜራ አውጥቶ ሰጠኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ሳይቀር አየሁበት። እኔም ተጠንቅቄ ነበር፣ ማግኔት ኪሴ ውስጥ ይዤ ስለሄድኩ አስጠጋሁት፣ አልያዘም። በቃ አሉሚኒየም ነው ብዬ አመንኩ። ግን እኮ ላሜራው ለመጠኑ ከባድ ነበር፣ እጄ ላይ ተሰምቶኝ ነበር፣ ልብ አላልኩትም። ስቴንለስ ነው የሰጠኝ። ብዙው የወጥ ቤት ስቴንለስ ማግኔት አይዝም፣ ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። ክብደቱ ግን አይዋሽም፣ አንድ ሊትር የሚያህል አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ነው፣ ስቴንለስ ግን ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ናሙና ሲሰጧችሁ በእጃችሁ መዝኑት፣ ከባድ ከሆነ አሉሚኒየም አይደለም።

"ሙሉ መኪናው" ያለው ራሱ የማይሆን ነገር ነው። ላንድሮቨር እንግሊዝ አገር በ1948 ሲጀመር ጊዜው ጦርነቱ ገና ያበቃበት ነበር፣ ብረት በኮታ ነው የሚሰጠው፣ አሉሚኒየም ግን ይገኝ ስለነበር ቦዲውን በሱ ሰሩት፣ እስከ ሲሪስ 3 ድረስም እንደዛው ቀጠለ። ቦዲውን እንጂ ሁሉንም አይደለም። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ጣራው፣ የበሩ የውጭ ላሜራ አሉሚኒየም ነው፣ ሻንሲው፣ በሞተሩና በጋቢናው መሃል ያለው ግድግዳ፣ የበሮቹ የውስጥ ፍሬም ብረት ነው። ብረቱን ብትወለውሉት በሳምንቱ ይዝጋል። እና ሰዎቹ ምን አደረጉ፣ ብረቱን ሲልቨር ቀለም ረጩት። የቀኝ ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ አባቴ ድሮ ተጋጭቶ የተሞላ መዳፍ የሚያህል ስቱኮ ነበር፣ እሱንም በሲልቨር ሸፈኑት። ጋራዡ ውስጥ ጨለም ስለሚል ምኑም አይለይም።

50 ሺህ ቀብድ በቴሌብር ላኩ። ደረሰኝ ስል "ሲያልቅ አንድ ላይ" ተባልኩ። ስለ ዋስትናው በጽሁፍ ስል ደግሞ "እኛ ጋ ቃል ነው የሚሰራው" አለኝ፣ አፍሬ ተውኩት። ባላፍር ኖሮ።

በስድስተኛው ቀን ሳልደውል ሄድኩ። ኮፈኑ መሬት ላይ ተዘርግቶ አንድ ልጅ እግር፣ ጓንት እንኳን ሳያደርግ፣ በጀሪካን የተበጠበጠ ነገር በመጥረጊያ ይቀባዋል። ላሜራው ላይ ሲደርስ ይንጨረጨራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይወጣል፣ ከስሩ ያለው ነጭ አሉሚኒየም ዓይኔ እያየ ግራጫ ሆነ ከዛ ጠቆረ። ምንድነው ስለው "ቀለም ማስለቀቂያ"። ጆንያውን ሳየው ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ሳሙና የሚሰራበት። ኮስቲክ ሶዳ ከብረት ላይ ቀለም ያነሳል ብረቱንም ብዙ አይጎዳውም፣ አሉሚኒየምን ግን ራሱን ነው የሚበላው። ሲበላው የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ የሚቀጣጠል፣ ሦስት እርምጃ እዛው ጎን ደግሞ ሌላ ሰው ብየዳ እየበየደ ነበር። ልጁን እጅህን ታጠብ ስለው ሳቀ። ገንዘቡን ተዉት፣ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እዛው ቆሜ ስራውን አለማስቆሜ ነው።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ወዲያው ገባት። ድሮ የአሉሚኒየም ድስት በአመድና በአሸዋ እያሹ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች አመድ ሲበዛና ሲቆይ ድስቱ እንደሚጠቁር ያውቃሉ፣ "እኛ በአመድ የምንፈራውን እነሱ በሶዳ አደረጉት?" ነው ያለችኝ።

ቀጥሎ የጠቆረውን ለማስለቀቅ በግራይንደር ገቡበት። የነዚህ መኪኖች ላሜራ ስስ ነው፣ በግራይንደር ስትጫኑት ይሳሳል፣ ይግላል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ወደ ቦታው አይመለስም። የግራ በሬን አሁን በጣት ስትጫኑት እንደ ቆርቆሮ ጣራ ጥቅ ብሎ ይገባል ጥቅ ብሎ ይወጣል። ጥግ ጥጉን ደግሞ በሽቦ ብሩሽ ነው የፈተጉት፣ ያውም ብረት ሲጠርጉበት በነበረው። የብረት ብናኝ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብርቱካን ቀለም ያለው ነጠብጣብ ማየት ስጀምር አሉሚኒየም ይዝጋል እንዴ ብዬ ግራ ገባኝ፣ የዛገው ለካ ብሩሹ ጥሎት የሄደው ብረት ነው።

የተረከብኩት አመሻሽ ላይ ነው። "ቀን ስራ ይበዛል 12 ሰዓት ና" አሉኝ፣ አምፖል ስር አየሁት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ በጣም ያምራል፣ እንባዬ መጣ፣ ቀሪውን 45 ሺህ ከፍዬ ነዳሁት። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳወጣው ግራይንደሩ የዞረበት ክብ ክብ ጭረት ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። እባካችሁ የተወለወለ ነገር በፀሐይ ካልሆነ አትረከቡ፣ ጭረት አምፖል ስር ይደበቃል።

ናኖ የተባለው ተራ ክሊር (ቀለም የሌለው ማብለጭለጫ ሽፋን) ነው፣ ያውም ያለ ምንም ፕራይመር (ሽፋኑ እንዲይዝ ከስር የሚቀባው) እርቃኑ ላይ የተረጨ። እንደ መስታወት የለሰለሰ አሉሚኒየም ላይ ክሊር የሚይዘው ነገር የለውም። ሰኔ ገብቶ ሁለት ሳምንት እንኳን በደንብ ሳይዘንብ በብሎኖቹ ዙሪያ ውሃ ገባበትና ከስሩ ነጭ ነጭ ትል የሄደበት የሚመስል መስመር መሳል ጀመረ፣ ጥፍሬን ሳስገባበት እንደ ፕላስተር ተገፎ መጣ። ይዤው ስሄድ ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ዋስትናው እኮ ዝናብን አይጨምርም"።

ከዛ ነው አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ጋ ሰው የወሰደኝ፣ ላንድሮቨር ሲቀጠቅጡ እድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች ጎተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ልጄ፣ አስስተውታል" አሉኝ። ከዛ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ስስ ቆዳ ያወጣል፣ እንዳይበላ የሚጠብቀውም እሱ ነው፣ ስትወለውለው ቆዳውን ትገፈዋለህ፣ ሌላ ያወጣል፣ እርጥበትና አቧራ ሲፈራረቅበት በወራት ውስጥ ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል፣ ይሄ ተፈጥሮው ነው። ሽፋን ካልቀባህ ይደበዝዛል፣ ከቀባህ አንድ ቀን ይላጣል። ስለዚህ "ሦስት አመት አይደበዝዝም" የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው የሚዋሻችሁ። እርቃኑን የሚወለውል ሰው በየጥቂት ወሩ ሊወለውለው ፈቅዶ ነው የሚገባበት።

ኮፈኑ ከሁሉም ይሻል ስለነበር በሳቸው ምክር ራሴ ሞከርኩት፣ አራት ቅዳሜና እሁድ ፈጅቶብኛል፣ ኮፈን ብቻ። የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ ከ320 ተነስቶ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። አንዱን ቁጥር በቁመት ካሻችሁ ቀጣዩን በወርድ፣ የበፊተኛው ጭረት ጨርሶ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው መሄድ የለም፣ እኔ 600 ላይ ቸኩዬ 2000 ደርሼ ጭረቷ ብቅ ስላለች ተመልሼ እንደገና ከ400 ጀምሬያለሁ። ከዛ በኋላ ነው ፖሊሹ፣ በሱፍ ዲስክ፣ ቀስ ባለ ዙር፣ ላሜራው በእጅ የማይነካ እስኪሆን ሳይግል። በመጨረሻ የሚቀረውን ጥቁር ቅባት በፊኖ ዱቄትና በንጹህ ጨርቅ አሸት አሸት ስታደርጉት ይለቃል፣ ይሄንን ሳየው ማመን አቃተኝ። አሁን ሙሉ መኪና በ10 ቀን የሚላችሁን ሰው በዚህ ሒሳብ አስቡት።

እና ያ ጥቁር ነገር ትልቁ መለያችሁ ነው። እርቃኑን የሆነ አሉሚኒየም ላይ ፖሊሽ አድርጋችሁ በነጭ ጨርቅ ስታሹት ጨርቁ ወዲያው ጥቁር ይሆናል፣ እንደ ጥላሸት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ የምታሹት አሉሚኒየሙን አይደለም፣ ክሊር ነው ወይም ሲልቨር ቀለም ነው። ናሙናቸውን በክብደቱ፣ ያለቀ ስራቸውን በዚህ ፈትኑት፣ እኔ ከነማግኔቴ የተሸወድኩት ይሄን ሁሉ ባለማወቄ ነው። ከዛ ደግሞ ሌላ ሰው መኪና ላይ የሰሩትን ሳይሆን የራሳችሁ መኪና ላይ፣ የማይታይ ቦታ መርጣችሁ፣ መዳፍ የምታህል እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ይስሩ፣ በምን እንደሚያስለቅቁ በምን እንደሚያሹ እዩ። ኮስቲክ ሶዳ ወይም የሽቦ ብሩሽ ካያችሁ መኪናችሁን አስነስታችሁ ውጡ። ስቱኮ ካለው ከተነሳ በኋላ ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ ጠይቁ፣ የተቀደደ ካለ በአርጎን ጋዝ ተበይዶ የመበየጃ ሽቦው አይነት ከላሜራው ካልተቀራረበ ብየዳው ከተወለወለም በኋላ መስመሩ ለብቻው ይታያል፣ ይሄን የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ስራውን ያውቃል ማለት ነው።

ለተወለወለላችሁም፣ ላቫጆ ስትወስዱት በዱቄት ሳሙናና በበረኪና እንዳያጥቡባችሁ፣ ያደበዝዘዋል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም አረንጓዴ ሆኖ መኪናው ሌላ ሲሆንም ጣጣ ስላለው መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፣ እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ገንዘቤን በተመለከተ ገና አልተቋጨም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ ደረሰኝ መጠየቅም መብት ነው፣ እኔ ግን በእጄ ያለኝ የቴሌብር መልእክትና ስልኬ ላይ ያሉ ፎቶዎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱን "የአሉሚኒየም ማወልወል ቀብድ" ብዬ ባልጽፍበት ኖሮ እሱም አይኖረኝም ነበር። ስትልኩ ምክንያቱን ጻፉ፣ መኪናውን ስታስገቡ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፣ ዋስትና ካሉ ምን ምን እንደሚጨምር ዝናብን ጨምሮ በወረቀት ይጻፍ።

ኮፈኑ አሁን እርቃኑን እንዳለ ይቀጥላል። የቀረውን ሽማግሌው ለአሉሚኒየም የሚሆነውን ፕራይመር አስቀብተው ወደ አባቴ አረንጓዴ ሊመልሱልኝ ነው፣ የቀኝ ፓራፋንጎው ግን ከዚህ በኋላ አይሆንም ብለውኛል። የሲሪስ 3 የቀኝ ፓራፋንጎ፣ ቀለሙ እንዴትም ቢሆን ግድ የለኝም፣ ግራይንደር ያልነካው ያላችሁ ወይም የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።