ተገጣጣሚው የጭልፊት ቤት ጥሩ ነው፣ «ሕግ ያሟላ» የሚለው ግን አልተዋጠልኝም

ተገጣጣሚውን የእንጨት ጭልፊት ቤት ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ ሰዎች መልሴ አጭር ነው። ግዙት። ግን መጀመሪያ የምትኖሩበት አካባቢ አዳኝ አእዋፍን ስለማኖር ያወጣውን ደንብ አንብባችሁ ጨርሱ፣ ትዕዛዙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህን የምለው ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ሕግ ያሟላ» ስለሚል ነው። የቱን ሕግ? ከላይ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይቲስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ በ1973 ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው። እሱ የሚያገባው በዋናነት ወፉ ድንበር ሲሻገር ነው። ፔሬግሪን ጭልፊት ቁጥጥሩ በጣም በሚጠብቅበት የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ አብዛኞቹ ሌሎች ጭልፊቶች፣ ንስሮችና ጉጉቶች ደግሞ በሁለተኛው። ከሱ በታች የአገር ሕግ ይመጣል፣ ይህም ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ሰውየውን ነው የምትመዝነው፤ በጭልፊት አደን ጀማሪ የሆነ ሰው ቢያንስ 12 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ፈተና ያልፋል፣ ልምድ ባለው ሰው ሥር ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል፣ ወፉ የሚኖርበት ቦታም አስቀድሞ ይታያል። ብሪታኒያ ደግሞ ጭልፊት ለማኖር ብቻ የግል ፈቃድ አውጣ አትልም፣ የምትጠይቀው የአንዳንድ ዝርያዎችን ምዝገባና ወፉ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን የሚያሳይ ወረቀት ነው።

ግርጌው ላይ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የነዋሪዎች ማኅበሩና አከራዩ አሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። የአገር ፈቃድ በእጁ ይዞ፣ የሰፈሩ ደንብ በመኖሪያ ግቢ የዱር እንስሳ አይቀመጥም ይለዋል፣ ወይም የወፍ ቤት ከጎረቤት አጥር ይህን ያህል ይራቅ ይለዋል፣ ወይም የኪራይ ውሉ ውስጥ አንዲት መስመር ትወጣበታለች። የላይኛው ፈቃድ የታችኛውን አይሽርም። ስለዚህ ለሁሉም ቦታ ሕግ ያሟላ ሳጥን የሚባል ነገር የለም፣ ሻጩም እንዲህ ብሎ መሸጥ የለበትም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከሁሉ የወደድኩት መስኮቱን ነው። የተገጠመለት የሽቦ መረብ ሳይሆን ወደ ላይ የቆሙ ዘንጎች ናቸው። ጭልፊት ሲደነግጥ ወደ ብርሃን ነው የሚወረወረው። መረብ ከሆነ ጥፍሩ ይያዛል፣ የጅራቱና የክንፉ ላባ ይሰባበራል፣ የተሰበረ ላባ ደግሞ ወፉ ላባውን እስኪቀይር ድረስ በራሱ አይተካም። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት የወፉን ሰውነት አያሳልፍም፣ እኔ ላለችኝ ሃሪስ ጭልፊት ልክ ነው። ትንንሽ ዝርያ የያዛችሁ ግን ሳትለኩ አትመኑት።

አየሩም ጥሩ ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ የአየር መግቢያዎች አሉት፣ ጣሪያውም አያፈስም። ይህ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይታይ። እርጥበትና የታፈነ አየር ሻጋታ ያራባል፣ ከዚያ አስፐርጊሎሲስ የሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ይመጣል፣ ምልክቱ ሲታይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ግድግዳው በውሃ የሚታጠብ መሆኑም ያስመሰግነዋል፣ እነዚህ ወፎች ኩሳቸውን ወደ ኋላ አስፈንጥረው ስለሚጥሉ በቀላሉ የማይጸዳ ግድግዳ ቶሎ ይሸታል፣ ሽታ ደግሞ የጎረቤት አቤቱታ ይጠራል።

መቆሚያው ላይ ቅሬታ አለኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ልሙጥ እንጨት ነው። ወፍ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ጫና ሲያሳርፍ መዳፉ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፣ ሕክምናውም ረጅም ነው። እኔ በሰው ሠራሽ ሣር ጠቅልዬዋለሁ፣ ሌላም ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ጨምሬያለሁ። የመታጠቢያ ገንዳም አብሮ አይመጣም።

ትልቁ ጉድለት በሩ ነው። አንድ ብቻ ነው! ስትከፍቱት ወፉና ሰማዩ ፊት ለፊት ናቸው። የሚያስፈልገው ሁለት በር ነው፣ ሰው መጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን የሚከፍትበት ጠባብ መግቢያ ያለው። ይህ ስለ ወፉ ደኅንነት ብቻ አይደለም፣ የጎረቤት ድመትና ዶሮም አለ፣ የአገሩ ያልሆነ ዝርያ ካመለጠ ደግሞ ባለቤቱን በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። እኔ መግቢያውን በአናጢ አሠርቼ ጨመርኩ፣ ወጪውም የራሴ ሆነ። ሻጩን ስጠይቀው «ደንበኛው እንደፈለገ ያሻሽለዋል» ነው ያለኝ። ሕግ ያሟላ ብለው ከሸጡ በኋላ ይህ መልስ አይሆንም፣ በጣም ነው ያናደደኝ።

ሌላው ወረቀቱ ነው። ለፈቃድ ስታመለክቱ የቤቱን ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና የተሠራበትን ዕቃ የሚያሳይ ንድፍ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የመገጣጠሚያ ሥዕል ብቻ ነው፣ ልኬት የለውም። ራሴ ለክቼ ሳልኩት።

ድምፅን በተመለከተ ግን ቤቱን አልወቅስም። ከጫጩትነቱ በሰው እጅ ብቻ ያደገ ጭልፊት ሰውን እንደ ወላጁ ያያል፣ ምግብ ፍለጋም ቀኑን ሙሉ ሊጮህ ይችላል። ይህን የሚያፍን የእንጨት ግድግዳ የለም። ወፉን ስትገዙ እንዴት እንዳደገ ጠይቁ፣ በተለይ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ። ሃሪስ ጭልፊት በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ጎረቤቱም ያን ያህል ጊዜ ሊሰማው ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ለመካከለኛ ጭልፊት ይሆናል፣ ለንስር ግን ጠባብ ነው፣ አታስቡት። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ባለ ልኬት ንድፉንና ሁለተኛውን በር በጽሑፍ ጠይቁ፣ እምቢ ካሏችሁ ዋጋ ይቀንሱላችሁ።