ለልምምድና ለትናንሽ አውዳሚ እንስሳት አደን፦ የነጥብ 22 ካሊበር ሦስት ጠመንጃዎች ሲመዘኑ

ለልምምድ የሚሆን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያነጻጽረው የጠመንጃዎቹን ዋጋ ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ግዢዬን የፈጸምኩት እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ክንዱን አደላድሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ምላጩን ሳያንገጫግጭ መሳብ የሚማር ሰው በሺዎች የሚቆጠር ጥይት መተኮሱ ስለማይቀር፣ ውሎ አድሮ ለጥይት የሚያወጣው ገንዘብ ለጠመንጃው ካወጣው ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ግምገማዬን የምጀምረው ከጠመንጃው ሳይሆን ከጥይቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል የተባለው ጥይት (ነጥብ 22 ማለት በኢንች የተለካ የጥይቱ ስፋት ነው) እስከ ዛሬ ድረስ በርካሽነቱ የሚወዳደረው የጠመንጃ ጥይት እምብዛም የለም። ከቀለሁ ወጥቶ የሚወነጨፈው የተለመደው እርሳሱ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መደበኛው ዓይነት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ፣ ፈጣኑ ደግሞ 380 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ሰደፉ ትከሻን ስለማይመታ ጀማሪ ተኳሽ ምላጩን በሳበ ቁጥር ዓይኑን የመጨፈን ልማድ አያወጣም፤ ይህም ለልምምድ ከዋጋው የማይተናነስ ጥቅም ነው። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰውም ይኸው ጥይት ሲሆን፣ የዒላማው መካከለኛ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ርካሽ መሆኑ ትክክለኛነት ይጎድለዋል ማለት አይደለም።

ከዚህ ጥይት ጋር የሚወዳደሩት እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ነጥብ 22 ማግነም እና በ2002 የወጣው ነጥብ 17 ኤችኤምአር (ሆርናዲ ማግነም ሪምፋየር) ናቸው። የኋለኛው 1.1 ግራም የምትመዝን ትንሽ ጥይት በሰከንድ ወደ 777 ሜትር ስለሚወረውር፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው ለማለት ይቻላል። አደኑ ብዙ፣ ልምምዱ ጥቂት ለሆነ ሰው ይህን ምርጫ አልነቅፍም። ነገር ግን ሁለቱም ከሎንግ ራይፍል በግልጽ የሚበልጥ ዋጋ ያላቸው በመሆናቸው፣ ተኳሹ ጥይት እየቆጠረ ልምምዱን ያሳጥራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የሎንግ ራይፍል ጥይት በማግነም ጠመንጃ ውስጥ ቢገባም ቀለሁ ጠባብ ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላልና ፈጽሞ መተኮስ የለበትም።

ጥይቱ ከተወሰነ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ጠመንጃው ራሱን በራሱ የሚያቀባብል ይሁን ወይስ በእጅ የሚቀባበል የሚለው ነው። ራሱን ከሚያቀባብሉት መካከል እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚመረተው ሩገር 10/22 የታወቀ ነው። አሥር ጥይት የሚይዘው ክብ ካዝናው ከእንጨቱ በታች ሳይወጣ ይገጥማል፤ መለዋወጫውም በገበያ ላይ የሞላ ነው። አያያዙ እጅግ ደስ ይላል። ለመጀመሪያ ጠመንጃ ግን አልመክረውም፤ ምክንያቱም ምላጩን መሳብ ብቻ ስለሚበቃ ጀማሪው ሳያስተውል አሥሩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ የትኛው ጥይት ለምን ወደ ግራ እንደሄደ ሳያውቅም ሌላ ካዝና ይሞላል። በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ በየተኩሱ መካከል ቆም ብሎ ማሰብን ያስገድዳል፤ ጥይት የሚቆጥበውም በዚህ ነው።

በእጅ ከሚቀባበሉት መካከል በዋጋ ረገድ ለብዙ ሰው የሚቀርበው ሳቬጅ ማርክ 2 ነው። ይህን ጠመንጃ ከእኩዮቹ የሚያስቀድመው ምላጩ ነው፤ ስለ ምላጭ ደግሞ ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ገዢዎች ችላ የሚሉት እርሱን ነውና። በመጀመሪያ የገዛሁት የሌላ ፋብሪካ ጠመንጃ ምላጩ ከመክበዱ የተነሣ በሙሉ እጄ እየጎተትኩ መተኮስ ለምጄ ነበር። ዒላማው ላይ ጥይቶቼ ሁልጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሰበሰቡ ስለነበር ማነጣጠሪያውን ደጋግሜ አስተካከልኩ፤ ጥፋቱ የጣቴ መሆኑን የተረዳሁት የሌላ ሰው ጠመንጃ ተውሼ ስተኩስ ነው። ያንን ልማድ ለመተው ከመልመዱ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አኩትሪገር በሚባለው የሳቬጅ ምላጭ መካከል አንዲት ቀጭን ምላስ አለች፤ ጣት አስቀድሞ እርሷን ካልተጫነ ጠመንጃው አይተኩስም። በዚህ ጥበቃ ምክንያት ባለቤቱ የምላጩን ክብደት በራሱ እጅ በሚገባ ለማቅለል ይችላል። ለግራኝ ተኳሽ የተሠራ ዓይነት ያለው መሆኑም መልካም ነው።

አቅሙ ትንሽ ከፍ ለሚል ሰው ደግሞ በቼክ ሪፐብሊክ የሚሠራው ሲዜድ 457 አለ። የማቀባበያ እጀታው 60 ዲግሪ ብቻ ስለሚነሣ የማነጣጠሪያ መነጽር ከላዩ ቢታሰርም እጅን አያጨናንቅም፤ ምላጩም ይስተካከላል። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ግን በርሜሉ (ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ) የሚቀየር መሆኑን ነው፤ ዛሬ በሎንግ ራይፍል የተለማመደ ሰው ነገ በርሜልና ካዝና ብቻ ገዝቶ ያንኑ ጠመንጃ ወደ ነጥብ 17 ሊለውጠው ይችላል። እንጨቱና ብረቱ የተገጣጠሙበት ጥራት ሲያዩት ደስ ያሰኛል። እንዲህም ሆኖ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የመነጽሩን ወይም የአንድ ዓመት ጥይቱን ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ሳቬጁ ይቅደም እላለሁ።

ስለ መነጽር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለትልቅ ጠመንጃ የሚሠሩት መነጽሮች ብዙውን ጊዜ ለ100 ያርድ የተስተካከሉ ሲሆኑ፣ ለነጥብ 22 የሚሠሩት ለ50 ያርድ ነው። ይህ ካልተጠበቀ ዓይን ከመነጽሩ ኋላ ጥቂት በተንቀሳቀሰ ቁጥር በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል በዒላማው ላይ የሚዋልል ይመስላል። አራት ጊዜ የሚያጎላ ቀላል መነጽር ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ጠመንጃው ከተገዛ በኋላ አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ጥይት በትንሽ በትንሹ ገዝቶ እያንዳንዱን በ50 ሜትር ላይ መሞከር ይገባል። አንድ ዓይነት ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ አንድ ዓይነት ጥይት አይወዱም። የነጥብ 22 ጥይት መለኮሻው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ የተቀባ ስለሆነ አልፎ አልፎ ሳይተኩስ የሚቀር ይኖራል፤ በዚህ ጊዜ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ፈጣኑ ጥይት ነፋስን የተሻለ ይቋቋማል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ በተግባር ግን ከድምፅ ፍጥነት በላይ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ከዚያ ፍጥነት በታች የሚወርድ ጥይት ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ ከመደበኛው ይልቅ በጎን ነፋስ ይገፋል። እኔ ለልምምድም ለአደንም መደበኛውን ወደ መጠቀም የዞርኩት ይህን በዒላማ ወረቀት ላይ ካየሁ በኋላ ነው።

ማነጣጠሪያው በ50 ሜትር የተስተካከለ ነጥብ 22 በ100 ሜትር ላይ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ርቀቱን በአሥር ሜትር የተሳሳተ ሰው ጥንቸሏን ወይ ይስታታል፣ ወይ ያቆስላታል። አንድ ቀን ከ90 ሜትር ላላነሰ ርቀት ተኩሼ የቆሰለች ጥንቸል ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ ስትጠፋብኝ፣ ለሰብል ጥበቃ የወጣሁ መሆኔ አላጽናናኝም። ከዚያ ወዲህ ከ70 ሜትር በላይ አልተኩስም፤ በዚህ ርቀት ውስጥም ቢሆን አምስት ጥይት ተከታትሎ በ2.5 ሴንቲሜትር ክብ ውስጥ ማሳረፍ ያልቻለ ሰው በወረቀት ላይ ቢቆይ ይሻላል። ከእንስሳው ኋላ ያለውም ነገር መታየት አለበት፤ ይህች ትንሽ ጥይት ሽቅብ ብትተኮስ 1.5 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ልትሄድ ትችላለች፤ ከድንጋይና ከውኃ ላይም በቀላሉ ነጥራ ትመለሳለች። እኔ የምተኩሰው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል፣ ጥይቱ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንዲቀበር አድርጌ ነው፤ ኋላው ኮረብታ ወይም የአፈር ክምር ከሌለ ጥይቱን አውጥቼ ካዝናውን ባዶ አደርጋለሁ።