የማጨጃ ቢላዋ ጥገና በኮምቦልቻ፦ ለሁለት የአጨዳ ወቅት የተገለገልሁበት ጋራዥ

ከሐርቡ በታች፣ ቦርከና ዳር ባለው ጥብቅ መሬታችን ላይ ድርቆሽ የምናጭደው ከትራክተር ጎን በሚገጠም፣ ክንዱ 2.1 ሜትር በሆነ ጥርሳም ማጨጃ ነው። ቢላዋው በአንድ ረጅም ብረት ላይ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ የብረት ችንካር) የተመቱ 28 ባለ ሦስት ማዕዘን ጥርሶች ሲኖሩት፣ የእያንዳንዱ ጥርስ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የምጽፍለት ጋራዥ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ባለቤቱን ስላላስፈቀድሁ ስሙን አልጠቅስም፤ ማጨጃ ያለው የአካባቢያችን ሰው ግን ሥራቸውን ስገልጽ ማንነታቸውን አያጣውም።

ቀደም ሲል ቢላዋውን ይዤ የሄድሁት ሌላ ከተማ ወደሚገኝ ብረት ቤት ነበር። እዚያ ጥርሶቹን በግራይንደር ሳሉልኝ፤ ስለቱም ያብረቀርቅ ስለነበር ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ከጥርሶቹ ጫፍ ላይ የታየውን ሰማያዊ ቀለም ያኔ ልብ አላልሁትም። ያ ቀለም ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ጥንካሬውን የማጣቱ ምልክት ነበርና፣ ግማሽ ቀን ሳናጭድ ቢላዋው ሣሩን መቁረጥ ትቶ ማጠፍና መጎተት ጀመረ።

ወደ ኮምቦልቻው ጋራዥ ስሄድም እንደ ልማዴ ቢላዋውን ብቻ አውጥቼ ነበር የያዝሁት። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጥርሶቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ልጄ፣ ከእነዚህ ሰማያዊዎቹ በቀር ሌሎቹ አልደነዙም፤ ከታች ስለታቸው ተራርቀው ነው። ማሽኑን ሳላይ ይህን አልነካም» ብለው መለሱኝ። በወቅቱ ቅር ቢለኝም ትክክለኛው መልስ ያ ነበር፤ ቤቱን እንዳከብረው ያደረገኝም እርሱ ነው። ጥርሳም ማጨጃ እንደ መቀስ የሚሠራ መሣሪያ ነው። የላይኛው ጥርስ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ የታችኛው ስለት ደግሞ ከክንዱ ወደ ፊት በወጣው በእያንዳንዱ ሹል ብረት፣ ማለትም በጣቱ ላይ ተተክሎ ይጠብቀዋል፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት ከተፈጠረ ምላጭ የመሰለ ጥርስም ቢሆን ሣሩን ከመካከላቸው ሾልኮ እንዲያልፍ ያደርገዋል።

በማግስቱ ትራክተሩን ከነማጨጃው ወሰድሁላቸው። መጀመሪያ ሞተሩ መጥፋቱን ራሳቸው አረጋግጠው፣ የቆዳ ጓንት አጥልቀው ቢላዋውን በእጃቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሳቡ የት ቦታ እንደሚይዘው አዳመጡ። ቀጥሎ ከክንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው ከመስመር የወጡትን ጣቶች አንድ በአንድ በመዶሻ አቀኑ፤ ባለፈው ዓመት ኩይሳ የመታን ጊዜ ሦስት ጣቶች ወደ ታች ማጎንበሳቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጠርዛቸው የተበላ የታች ስለቶችን ቀየሩ። ግለው ሰማያዊ የሆኑትን ጥርሶች ለማውጣት የቢላዋውን ብረት ሞርሳ ላይ አስደግፈው የጥርሱን የኋላ ጠርዝ በአንድ ምት ሲመቱት ሪቬቶቹ ተቆረጡ፤ አዲሶቹንም ጥርሱ ቅንጣት እንዳይነቃነቅ አድርገው ቀጠቀጡ። ሊድኑ የሚችሉትን ጥርሶች የሳሉት ግን የቀድሞውን የስለት ዘንበልታ ጠብቀው፣ ቶሎ ቶሎ ውኃ እየነከሩ ነው። በመጨረሻም ቢላዋውን ከላይ የሚይዙትን መጫኛዎች፣ ከጥርሱ ጋር ያላቸው ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ፣ ቢላዋው ግን በእጅ ሲሳብ እንዲንሸራተት አድርገው ዝቅ አደረጓቸው። መጫኛው ከላላ ጥርሱ ሽቅብ ይነሣል፤ ከጠበቀም ይግልና ይበላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ የምልልሱ ልክ ነው። ቢላዋው በሁለቱም አቅጣጫ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ የጥርሱ መሐል ከጣቱ መሐል ጋር መግጠም አለበት። የእኛ በአንድ በኩል አልፎ በሌላው በኩል ይጎድል ስለነበር፣ ማሽኑ የሚንቀጠቀጠውና ያልታጨደ ቀጭን መስመር እየተወ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ክንዱን ጥቂት ወደ ውጭ አውጥተው አስተካከሉት።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ማጨጃው ሥራ ላይ ሳለ ሣሩ ክንዱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የውጭው ጫፍ በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በእኛ ክንድ ላይ ደግሞ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከውስጠኛው ጫፍ ቀድሞ መቆም አለበት። ይህ ካልሆነ ቢላዋውና ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ዘንግ (ቢየላ) በሥራ ላይ ቀጥ ብለው አይሰለፉም። ባለሙያው ይህን አሳምረው ቢያውቁም እስክጠይቃቸው ድረስ አልለኩትም፤ ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ መለካት ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ መጋዘናቸው ውስጥ የሚገኘው ጠርዙ እንደ መጋዝ የተነከሰ ጥርስ ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ለደረቅና ለወፍራም አገዳ የሚስማማ ሲሆን፣ ማገጥ ለበዛበትና ገና እርጥብ ለሆነ ለእኛ ሣር ግን ለስላሳ ጠርዝ ያለው ይሻል ነበር። ዘንድሮ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያጨድነው ጤዛው እስኪደርቅ ድረስ እየጠበቅን ነው።

ክፍያቸው ስለት ብቻ ከሚስሉት ቤቶች እጥፍ ያህል ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከተከፈለው በላይ ሠርተዋል። ባለፈው የአጨዳ ወቅት ጥብቁን በሙሉ ስናጭድ የተቀየረው በድንጋይ የተሰበረ አንድ ጥርስ ብቻ ነው። መሄድ የሚፈልግ ሰው ጥቅምት ሳይገባ፣ በመስከረም ቢሄድ እመክራለሁ፤ እኔ ዘግይቼ በሄድሁበት ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ወረፋ ስጠብቅ የቆመው ሣር ዘሩን አራግፎ ነበር። ቢላዋውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ግን እንደ እኔ ባዶ እጁን መመለሱ አይቀርም።