መስቀል አደባባይ እንደ ረጅም ጉዞ መለማመጃ

ባሌን በእግሩ ለመጓዝ የሚዘጋጅ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እንጦጦን ነው። ለእግርና ለሳንባ እንጦጦ ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። ለልብ ጽናት ግን የመስቀል አደባባይ እርከኖች ይበልጣሉ፤ አሰልቺ ስለሆኑ። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉና ቁልቁል የሚታየው ከተማ እየሳበ ይወስዳችኋል። እዚህ ያለው ጫፍ ደርሶ መዞር፣ ሌላው ጫፍ ደርሶ እንደገና መዞር ነው። መውጫው ደግሞ እግር ሥር ነው፤ በየመዞሪያው ታክሲው፣ ባቡሩ፣ ቡናው ይጠራል። ረጅም ጉዞ ላይ ብዙ ሰው የሚረታው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን "ቆይ፣ ምን አለፋኝ?" ሲል ነው። ያንን ጥያቄ በየጥቂት ደቂቃው እያስነሣ የሚያለማምድ እንደ እነዚህ እርከኖች ያለ ቦታ መሃል ከተማ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። መግቢያ አይከፈልበትም።

በሳምንት አንድ ረጅም ቀን፣ ለ8 ሳምንት ይበቃል። በ1 ሰዓት ተኩል ጉዞ ጀምሮ በየሳምንቱ 20 ደቂቃ መጨመር ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ሸክሙ ውኃ ይሁን። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሁለት አድርጋችሁ በ4 ኪሎ ጀምሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሃይላንድ ጨምሩ። ድንጋይ ወይም አሸዋ የሚሸከም ሰው ጉልበቱን ሲያመው ወይ ተሸክሞ ይጎዳል፣ ወይ አቋርጦ ይሄዳል። ውኃ ግን እዚያው ይደፋል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

ዙር ለመቁጠር ከስልክ ይልቅ ደረቅ ሽምብራ ያዙ። 20 ፍሬ በግራ ኪስ፤ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንዷ ወደ ቀኝ ኪስ ትሻገራለች። የደከመ አእምሮ ቁጥር ላይ ይከራከራል፣ "14 ነው ወይስ 15?" እያለ ለራሱ ያደላል፤ ሽምብራ አያደላም። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ኪስን መዳበስ ክልክል ነው። ጣት አንድ ፍሬ ይዞ ይወጣል፣ በቃ። ሙዚቃም ይቅር፤ ባሌ ውስጥ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ባትሪው ሲያልቅ በዘፈን መሄድ የለመደ ሰው ግራ ይገባዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ማታ በቁራጭ ወረቀት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ እያንዳንዱ "እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ" የሚል ይሁን። "ዝናብ ከጣለ ካፖርቴን ለብሼ 20 ደቂቃ እሄዳለሁ።" "ተረከዜን ካቃጠለኝ ወዲያው ቆሜ ፕላስተር እለጥፋለሁ።" ይህች ሁለተኛዋ ብዙ ጉዞ አድናለች። ማቃጠሉን "ትንሽ ልታገሠው" ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ ውኃ የቋጠረ ተረከዝ ይዞ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሰዓት ላይ ልብ ድንገት ይወድቃል። ብዙዎች "ወኔ የለኝም ማለት ነው" ብለው ያቆማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ረሃብ ነው። በየ45 ደቂቃው አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ብሉ፤ በሶም ይሆናል። በልታችሁ 15 ደቂቃ ስትሄዱ ወኔው ከተመለሰ ምክንያቱ ሆድ ነበር። የማቆም ውሳኔም በጉዞ ላይ ወይም በባዶ ሆድ አይወሰን። ሸክም አውርዶ፣ ቀምሶ፣ ጠጥቶ፣ 10 ደቂቃ ተቀምጦ ነው የሚወሰነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ያልፋል፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አደባባዩ ለዚያ አያዘጋጅም። ይህን ልምምድ የጨረሰ ሰው እንዲያውም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ አለማቆምን ተምሯልና። ከፍታ ላይ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ሰውየው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ወኔ ቦታ የለውም፤ ወዲያው መውረድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የታደሰው አደባባይ ወለሉ ጠንካራ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ ጉልበትና ቅልጥም ይመታል፣ ስለዚህ ቁልቁል አይሮጥም። በክረምት ያንሸራትታል፤ ጥላ የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የእስጢፋኖስ ቅዳሴ እየተሰማ መሄድ ደስ ይላል፤ መኪናው ሲበዛ ግን ጭሱ ስለሚከብድ ረጅሙን ቀን እሁድ አድርጉት። የደመራ ሰሞን፣ ኢሬቻና የታላቁ ሩጫ ዕለት አትልፉ፣ ቦታ የለም። ስልክ በውስጥ ኪስ ይሁን።

ትልቁ ጉድለት ግን የሁለተኛውን ቀን ጠዋት አለማሳየቱ ነው፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ያርፋል። ስለዚህ በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት ረጅሙን ቅዳሜ አድርጉና እሁድ በግማሹ ሰዓት ድገሙት፤ በዚያው ጫማ፣ በዚያው ሸክም። እሁድ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ደርቆ፣ ትከሻ ማንጠልጠያው ያረፈበት ቦታ ላይ ቀልቶ ትነሣላችሁ። ጫማውን እስክታስሩና አምስት ሽምብራ እስክታሻግሩ ድረስ ምንም አትወስኑ።