በከፍታ ላይ የክላች ክብደትና ሞላ መቀየር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። እኔ የምወደው፣ እዚያው ኮሎራዶ ያለው የሳን ሁዋን ተራሮች መንገድ ግን ኢንጂነር ፓስ የተባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ሲደርስ 3,900 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጉልበት ከሲሶ በላይ ያጣል። በዚያ ላይ ፖላሪስ ስፖርትስማን 570 የተባለው ባለ አራት ጎማ ሞተሬ ከፋብሪካው የገዘፈ ጎማ ስለገጠምኩለት ዳገት ላይ ይታፈን ነበር።

በዚህ ተሽከርካሪ ኃይሉን የሚያስተላልፉት ክላች የሚባሉት ሁለት ፑሌጃዎችና አንድ ቺንጋ ናቸው። የፊተኛው ፑሌጃ ክብደቶች ሞተሩ ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይገፉና ፑሌጃውን ይጨምቁታል፤ ሞላው ይቃወማቸዋል። ክብደቱ ሲበዛ ቺንጋው ያለጊዜው ወደ ፈጣኑ በኩል ይሄዳል፣ ሞተሩም ጉልበት የሚሰጥበት ዙር ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ለከፍታ ቀለል ያለ ክብደት ያስፈልጋል። አዲስ አበባም 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያ ለሚነዳ ሰው ጉዳዩ ያው ነው።

ሻጮች ክብደቱንና ሞላዎቹን በአንድ ጥቅል ያቀርባሉ። አጥብቄ የምመክረው ግን መጀመሪያ ክብደቱን ብቻ መቀየር ነው። ሁሉም በአንዴ ከተቀየረ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም። የፊተኛው ሞላ ሲጠነክር ተሽከርካሪው የሚነሳበትን ዙር ከፍ ስለሚያደርግ በቀስታ ድንጋይ ለሚወጣ ሰው አይመችም፤ እኔ የፋብሪካውን ትቼዋለሁ።

ከሁሉም ያስደሰተኝ የኋለኛው ፑሌጃ ጠንካራ ሞላ ነው። ጠመዝማዛው ዳገት ላይ ፍጥነት ቀንሼ ታጥፌ እንደገና ነዳጅ ስሰጥ፣ ቀድሞ ሞተሩ እያቃሰተ ይዘገይ ነበር። አሁን ቺንጋው ወዲያው ወደ ጉልበቱ በኩል ይመለሳል፤ መሪው እጄ ውስጥ ሲጎተት ይሰማኛል። ሽፋኑን ስከፍትም የቺንጋው ጎኖች አልተቃጠሉም፣ መስታወት የመሰለ መንጸባረቅም የለባቸውም። የተቃጠለው የጎማ ሽታ ጠፍቷል።

ዋጋው ጩኸትና ጥቂት ተጨማሪ ነዳጅ ነው። ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሞአብ ወርጄ 1,200 ሜትር አካባቢ ስነዳ ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በላይ ስለሚዞር የድሮውን ክብደት መልሼ እገጥማለሁ፤ ስለዚህ ኦሪጅናሉን አትጣሉት። ቺንጋውን ባወጣችሁ ቁጥር አቧራውን በአየር አስነፉ፣ ክብደቶቹ የሚዞሩበትን ፒን መበላት መርምሩ። ግራሶ ግን በፍጹም አታስነኩት፤ ቺንጋውን ያንሸራትተዋል።