ስም ሰምቶ ከመግዛት በፊት፦ አምስት የዛምሮክ ሸክላዎች ጎን ለጎን

ከዛምሮክ አንድ ሸክላ ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዊች የሚለውን ስም ይዞ ይመጣል። አልፈርድበትም፤ ፊልም የተሠራለትም፣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የሚዞረውም ያ ባንድ ነው። ይሁን እንጂ ኪሱ ለአንድ ሸክላ ብቻ ለሚበቃ ሰው ዊችን አልመርጥለትም። አምስት አልበሞችን በአንድ ማጫወቻ፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ፣ ለሳምንታት እያፈራረቅሁ ሰምቼ የደረስኩበትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቁት፣ ዛምሮክ በ1970ዎቹ በዛምቢያ የተሠራ የሳይኬደሊክና የአሲድ ሮክ፣ ማለትም ጊታሩ እየተጠማዘዘ እንደ ቅዠት የሚያሰክር የሮክ ሙዚቃ ነው። ስሙን ያወጣለት ማናሴ ፊሪ የተባለ የሬዲዮ ሙዚቃ አቅራቢ እንደሆነ ይነገራል። ዛምቢያ ነፃ የወጣችው በ1964 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ኬኔት ካውንዳ ራሳቸው ጊታር የሚጫወቱ ሰው ነበሩና፣ የአገሪቱ ሬዲዮ ከሚያሰማው ሙዚቃ 95 በመቶው የአገር ልጆች ሥራ እንዲሆን አዘዙ። ትእዛዙ ሲወጣ ግን የወጣቶቹ ጆሮ አስቀድሞ በአሜሪካዊው ጊታሪስት በጂሚ ሄንድሪክስና በእንግሊዙ የሮክ ባንድ በሮሊንግ ስቶንስ ተሞልቷል። የመዳብ ማዕድን በሚወጣባቸው በኪትዌና በንዶላ ዙሪያ ደመወዝተኛ ነበረ፤ ጊታር የሚገዛም፣ የመግቢያ ትኬት የሚቆርጥም አልጠፋም። «የአገር ልጅ ሙዚቃ አምጡ» ሲባሉ ያመጡት የሚጮህ ጊታር ሆነ። በአስርቱ ዓመታት አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ይህ ሁሉ አብሮ መንኮታኮት ጀመረ፤ ጥሩ ጥሩ የሚባሉት አልበሞች የተቀዱት በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነው።

ስለ ድምፁ ሁለት ቃላት ማወቅ ይበቃል። አንዱ ፈዝ ነው፤ የጊታሩን ድምፅ አሻክሮ እንደ ወፍጮ እንዲያጉረመርም የሚያደርግ መሣሪያ። ሌላው ዋዋ ነው፤ በእግር እየተረገጠ ጊታሩን የሚያስለቅስ ፔዳል። በ1974 የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን «የካቲት» የሰማ ሰው ዋዋን ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሸክላዎቹ። የመጀመሪያ ምርጫዬ አማናዝ የተባለው ባንድ በ1975 ያወጣው «አፍሪካ» ነው። የባንዱ ስም ከአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የዛምቢያን ጥሩ አርቲስቶች እኔን ጠይቁኝ» እንደ ማለት ይሆናል። ስሙ ጉረኛ ቢመስልም ሙዚቃው ጉራ የለበትም። ይህን አልበም ከሌሎቹ አራቱ የሚለየው ዝምታ ማወቁ ነው። «ሰንደይ ሞርኒንግ» የሚለው ዘፈን እንደ ስሙ የእሁድ ጠዋት ነው፤ ጊታሩ በቀስታ ይንጠባጠባል፣ ድምፃዊውም ገና ከእንቅልፉ ያልተላቀቀ ይመስላል። «ሂስትሪ ኦፍ ማን» ሲመጣ ግን ያው ባንድ ፈዙን ከፍቶ ቤቱን ያናውጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ቀልድ ወይም ትዕይንት አይመስልባቸውም፤ የአንድ ሰው ሁለት ጠባይ ነው የሚመስለው። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአገር ቋንቋ የተዘፈኑም አሉበት፤ ለእኔ ሆድ የሚያባቡት እነርሱ ናቸው።

ገዢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። «አፍሪካ» በሁለት ዓይነት ቅንብር ይገኛል። አንደኛው ደረቅ ነው፤ ጊታሩም ከበሮውም ክፍልህ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ቅርብ ሆነው ይሰማሉ። ሌላኛው በማስተጋቢያ የተነከረ ነው፤ ሁሉም ነገር ከትልቅ ባዶ አዳራሽ የሚመጣ ይመስላል። መቀመጫውን ሎስ አንጀለስ ያደረገው ናው አጌን ሪከርድስ ሁለቱንም በአንድ ላይ በሁለት ሸክላ አሳትሟቸዋል። ሳይኬደሊክ ማለት ማስተጋባት ነው ብሎ የሚያምን ወዳጅ አለኝ፤ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ተከራክረን አንግባባም። እኔ ደረቁን እመርጣለሁ፤ ማስተጋቢያው የባስ ጊታሩን ይውጠዋልና። ባለ አንድ ሸክላ እትም ከተገኘ የትኛው ቅንብር እንደሆነ ሻጩን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይላክ።

ዊች ሁለተኛ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ጠንቋይ ማለት ቢሆንም ባንዱ «ሁካታ ልንፈጥር አስበናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምህጻረ ቃል አድርጎታል። መሪ ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ጃጋሪ በሚለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል፤ ከሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገር የተወሰደ ነው። ሌሎቹም ቅጽል ስም አላቸው፦ ጊታሪስቱ ክሪስ ምቤዌ «ኪምስ»፣ ባሲስቱ ጌዲዮን ሙሌንጋ «ጊዲ ኪንግ»። ከሥራዎቻቸው ለማወዳደር የመረጥኩት በ1975 የወጣውን «ሌዚ ቦንስ» ነው። ብዙ ጊዜ የዛምቢያ የመጀመሪያው የንግድ አልበም ተብሎ የሚጠቀሰው «ኢንትሮዳክሽን» የእነርሱ ቢሆንም፣ እርሱን ለታሪክ ፈላጊ እተወዋለሁ፤ ቀረጻው ቀጭን ነው፣ ኦርጋኑም ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል።

«ሌዚ ቦንስ» ላይ ግን ባንዱ በስሏል። በአንድ ምሽት ለሰዓታት ሲጫወት የኖረ ባንድ እንደሆነ ከመጀመሪያው ዘፈን ይታወቃል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም ማንንም አይቀድምም። «ብላክ ቲርስ» እና «ስትሬንጅ ድሪም» ላይ የኪምስ ጊታር በፈዝና በዋዋ እየተቀባበለ የሚሄድበትን ሰምቶ ብላክ ሳባት የተባለውን የእንግሊዝ ከባድ ሮክ ባንድ የሚወድ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ታዲያ ለምን ሁለተኛ ሆነ? የጃጋሪ ድምፅ ከመሣሪያዎቹ ሥር ተቀብሮብኛል። ከዚያም በላይ አልበሙ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ሙቀት ይቀቀላል፤ አማናዝ ላይ ያገኘሁትን መተንፈሻ እዚህ አላገኘሁም። ከባድ ሮክን አስቀድሞ የሚወድ ገዢ ግን ደረጃዬን ገልብጦ ከዚህ ቢጀምር አይጸጸትም።

ዊችን በሙሉ የሚፈልግ ካለ፣ ናው አጌን በ2012 የ1970ዎቹን አልበሞች በአንድ ሣጥን ሰብስቦ አውጥቷል። ሣጥኑ ዋጋው ከባድ ነው፤ ሁሉንም ሸክላ እኩል የሚያደምጥ ሰውም ጥቂት ነው። በዚህ መካከል ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር ቢኖር የባንዱ ዕጣ ነው። ዛምሮክን ከፈጠሩት ብዙዎቹ በኤድስ ወረርሽኝ ዘመን አለቁ። ከዊች የጥንት አባላት በሕይወት የተረፈው ጃጋሪ ብቻ ነው፤ ከሙዚቃ ርቆ የከበሩ ድንጋዮች ሲቆፍር ኖሯል። በኋላ ከኪቦርዲስቱ ፓትሪክ ምዎንዴላና ከአውሮፓ ወጣት ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ ባንዱን አስነሣው፤ በ2023 «ዛንጎ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ንጹሕ ቀረጻ የሚሻ ሰው ይህን ይሞክር፤ ያረጀ ሸክላ ጠረን ግን አይጠብቅበት።

ሦስተኛው «ማይ አንሴስተርስ» ነው፤ ትርጉሙ አያት ቅድመ አያቶቼ ማለት ነው። ክሪሲ ዜቢ ቴምቦ በ1974 ያወጣው ነው። ቴምቦ ከበሮ መቺ ነው፤ ጊታሩን የያዘለት ንጎዚ ፋሚሊ የተባለው ባንድ መሪ ፖል ንጎዚ ነው። ይህ ሸክላ ወይ ይወደዳል፣ ወይ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ይጠፋል። ድምፃዊው ከቃናው ወጣ ይላል፤ ከበሮው ጌጥ የለውም፤ የንጎዚ ፈዝ ግን ከአምስቱም አልበሞች እጅግ ሻካራው ነው። «ኮፊን ሜከር» ስለ ሬሳ ሣጥን ሠሪ የሚዘፍን ጨለምተኛ ዘፈን ነው፤ እንግዳ ባለበት ቤት አላጫውተውም። «ቦርን ብላክ» ደግሞ የሚያስታውቀው ነገር ቢኖር፣ እነዚህ ልጆች አንዳች ማስመሰል አለመፈለጋቸውን ነው። ለስላሳ ነገር የሚወድ ሰው ይለፈው። እኔ ሲከፋኝ የማነሣው ሸክላ ግን ይህ ነው።

በዚህ ሸክላ ተሞኝቻለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ስሙን ከማልጠራው የበይነ መረብ ሻጭ ነበር፤ ዋጋው ረከስ ያለ ስለነበር ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ሽፋኑ ደብዝዟል፤ «ያረጀ ፎቶ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሲጫወት ግን አንድ ቦታ ላይ ቅጭ ቅጭ ይላል። መርፌውን ቀየርኩ፤ ሸክላውን ሦስት ጊዜ በጨርቅ ወለወልኩ፤ ቅጭታው ንቅንቅ አላለም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ጭረቱ በእኔ ሸክላ ላይ ሳይሆን ቅጂው በተወሰደበት አሮጌ ሸክላ ላይ የነበረ ነው፣ አብሮ ታትሞልኛል። ስለዚህ ገዢው አሳታሚው ማን እንደሆነ፣ ከሙዚቀኞቹ ወይም ከወራሾቻቸው ፈቃድ እንዳለው፣ ድምፁም ከማስተር ቴፕ፣ ማለትም ከዋናው የስቱዲዮ ቀረጻ ቴፕ ይሁን ከጸዳ ሸክላ የተወሰደ መሆኑን ከሽፋኑ ጀርባ ያንብብ። ይህን የማይጽፍ እትም ላይ እጄን አላሳርፍም። የ1970ዎቹ የመጀመሪያ እትሞችስ ለሚል፣ እነርሱ በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚሸጡ የሰብሳቢዎች ዕቃ ናቸው፤ ብዙዎቹም ለዓመታት ጭፈራ ቤት ውስጥ የተጫወቱ በመሆናቸው ለማድመጥ የሚገዙ አይደሉም።

የንጎዚ ፋሚሊን «ዴይ ኦፍ ጀጅመንት»፣ የፍርድ ቀን የሚለውን የ1976 አልበም አራተኛ አድርጌዋለሁ። ንጎዚ በኒያንጃ ቋንቋ አደጋ ማለት ነው፤ ስሙ ይስማማዋል። «ማይ አንሴስተርስ» ካለዎት ይህ ብዙ አይጨምርልዎትም፤ ከሌለዎት ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይያዙ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት፣ እዚህ ላይ ዜማው ትንሽ መልክ መያዙና ዘፈኖቹ ለጭፈራ መቅረባቸው ነው። በ2024 አሜሪካዊው ራፐር ታይለር ዘ ክሪኤተር ለዘፈኑ የወሰደው የዚሁ ባንድ ድምፅ እንደሆነ የሰማ ወጣት ያን ዘፈን እዚህ አልበም ላይ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ከሌላ አልበም ነው።

አምስተኛው ለየት ይላል፤ አምስተኛ ያደረግሁትም ከሌሎቹ አንሶ አይደለም። ሙሲ ኦ ቱንያ የተባለው ባንድ በ1975 ያወጣው «ዊንግስ ኦፍ አፍሪካ» ነው፤ የአፍሪካ ክንፎች። የባንዱ ስም የቪክቶሪያ ፏፏቴ የአገር ቤት ስም ነው፤ የሚያጓራ ጭስ እንደ ማለት ነው። የዓባይን ጢስ እሳት ለሚያውቅ ሰው ሁለት ሕዝቦች ፏፏቴ አይተው አንድ ነገር ማሰባቸው ይገርመዋል። ባንዱ መቀመጫውን ናይሮቢ አድርጎ ስለነበር አልበሙ የተቀዳው እዚያ ነው፤ ይህም በድምፁ ላይ ይታወቃል። የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎች አሉበት፣ የእጅ ከበሮዎች አሉበት፣ ጊታሩም ቦታ እየለቀቀ ይጫወታል። አሲድ ሮክ ፈልጎ ለመጣ ሰው ለስላሳ ሊሆንበት ይችላል። ጆሮው በጡሩምባና በሳክስፎን ታጅበው በተዘፈኑ የጥንት የአማርኛ ዘፈኖች ላደገ ሰው ግን ከአምስቱ ሁሉ ቀርቦ የሚያዋራው ይህ ነው፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ድምፁን ቀንስ» ያላለችው ብቸኛው የዛምሮክ ሸክላም ይኸው ነው። የባንዱ መሪ ሪኪ ኢሊሎንጋ ከዚህ በኋላ በስሙ ጥሩ አልበሞች አውጥቷል። ሥራዎቹ በ2010 «ዳርክ ሰንራይዝ» በተባለ ስብስብ ታትመዋል፤ ሙሲ ኦ ቱንያን የወደደ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ከአንዱ ባንድ ጋር ከመጣበቁ በፊት ከሁሉም ቀምሶ መወሰን ለሚፈልግ፣ በ2017 የወጡት ሁለቱ የ«ዌልካም ቱ ዛምሮክ» ስብስቦች አሉ። አዘጋጆቹ የናው አጌን መሥራች ኢገንና የዛምቢያ ሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ሊዮናርድ ኮሎኮ ናቸው፤ አብሮ የሚመጣው መጽሐፍ ለብቻው ዋጋ ያወጣል። ስብስብ ግን ስብስብ ነው፤ የአማናዝን ዝምታ ከጩኸቱ ነጥሎ ቢሰማ ያ አልበም ምን እንደሆነ አይገባም።

ማጫወቻ የሌለው ሰው ሸክላ ለመግዛት አይቸኩል። እነዚህ አልበሞች በሲዲም በዲጂታልም ይገኛሉ፤ «ማይ አንሴስተርስ»ን የመሰለ ሻካራ ቀረጻ በሸክላ ቢሰማ እምብዛም የሚጨምረው ነገር የለም። «አፍሪካ» እና «ዊንግስ ኦፍ አፍሪካ» ግን በሸክላ ያተርፋሉ፤ በባሱ ላይ ይታወቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ገዢ ጥቅሉ በር ላይ ወይም መኪና ውስጥ እንዳይውል ይጠንቀቅ፤ ሸክላ በዚያ ሙቀት በአንድ ቀትር ይጣመማል፤ የተጣመመውን የሚያቀና ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የመላኪያው ክፍያ ለአንድ ሸክላም ለሁለትም እምብዛም ስለማይለያይ፣ እኔ ብሆን «አፍሪካ»ን ሳዝዝ «ሌዚ ቦንስ»ን አብሬ አስጭነዋለሁ።