ሮም ለምትሄዱ፦ የመጨረሻ ቀኖቻችንን ላሳመረልን ሹፌር ምስጋና

ሮም ውስጥ በሹፍርና ለሚተዳደር አንድ ወንድማችን በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። በዚያውም ወደ ሮም ለመሄድ ላሰባችሁ ሁሉ፣ በተለይ ወላጆቻችሁን ወይም ዕድሜው ገፋ ያለ ዘመድ ይዛችሁ ለምትጓዙ፣ ያለ ምንም ማመንታት እጠቁማችኋለሁ። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላሰፈርኩት ራሱ «አደባባይ አያውጡኝ» ብሎ ስለለመነኝ ነው። የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አገናኘዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ የሄድነው ለጋብቻችን የብር ኢዮቤልዩ ነበር። ቲኬቱንና ሆቴሉን ልጆቻችን አዋጥተው ቻሉልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው ሁሉ የሚያየውን አየን፤ ኮሎሲየምን፣ የቫቲካን ሙዚየምን፣ ፓንቴዎንን፣ ሳንቲም የሚወረወርበትን የትሬቪ ፏፏቴ። ሮም በእግር የምትታይ ከተማ ናት ሲባል እውነት ነው። ግን መሀል ከተማው የተነጠፈበት ያ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ለጉልበት አይራራም። የባለቤቴ ቀኝ ጉልበት አበጠና ደረጃ ባየ ቁጥር ፊቱ መለዋወጥ ጀመረ። የቀሩን የመጨረሻዎቹ ቀናት ነበሩ፤ ያላየነው ደግሞ ብዙ። «እኔ ሆቴል ቁጭ ብዬ ልጠብቅሽ፣ አንቺ ሂጂ» ማለት ሲጀምር አንጀቴን በላው። የዚህን ሹፌር ቁጥር የአክስቴ ልጅ የሰጠችኝ ያን ጊዜ ነው። እሷ እዚያው ሮም ነው የምትኖረው።

ስደውልለት የት መሄድ እንደምንፈልግ አልጠየቀኝም። መጀመሪያ ያለኝ «ጋሼን ሲወጡ ነው ሲወርዱ የሚብስባቸው?» ነው። ቀጥሎ የሚወስደው ሌላ መድኃኒት እንዳለ ጠየቀኝ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል አልኩት። «እንግዲያው ካርቶኑን በስልክዎ አንሥተው ይላኩልኝ። ነገ ከሁሉ በፊት ፋርማሲ ነው የምንሄደው» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ከቀጠሯችን ቀደም ብሎ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። አረንጓዴ መስቀል የሚበራበት ፋርማሲ ወሰደንና ለባለሙያዋ በጣልያንኛ አስረዳት፤ ፎቶውንም አሳያት። እሷም እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ግፊት ሊጨምሩ፣ የግፊቱንም መድኃኒት ሥራ ሊያዳክሙ እንደሚችሉ ገለጸችለትና ለባለቤቴ ፓራሲታሞልና የጉልበት ማሰሪያ ሰጠችን። ሹፌራችን አንዲት ቃል እንዳትዛነፍ እየመለሰ ይጠይቃት ነበር፤ «በቀን ስንት ጊዜ? ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?»። ማሰሪያውን ተንበርክኮ ለባለቤቴ ያሰረለት እሱ ነው። የሥራው ድርሻ አልነበረም፤ ማንም አላዘዘውም።

መኪና ውስጥ እንደገባን የያዝኩትን የጉብኝት ዝርዝር ተቀብሎ አነበበውና ግማሹን አስቀረው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት 551 ደረጃ አለው፤ በሊፍት ብትጀምሩም 320ው በእግር ነው የሚወጣው፣ ያውም በጠባቡ። «ይሄ ለጋሼ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ገብታችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ፤ መግቢያው በነጻ ነው» አለን። የስፓኝ ደረጃም ከታች ሆኖ ይበቃል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ማለት አሁን ያስቀጣል። ሂሳቡ በሰዓት ስለሆነ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነበር። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ሰውየውን የወደድኩት ከዚህ ነው የጀመረው።

በምትኩ ያሳየን የእኛ ታሪክ ያረፈበትን ሮም ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ቅርብ ለቅርብ እንደሆነ አናውቅም ነበር።

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ፣ ፒያሳ ዴ ቺንኮቼንቶ («የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»)፣ የተሰየመው ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የጣልያን ጦር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ለሟቾቹ መታሰቢያ የቆመ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት አለ። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የተቀመጠው እዚህ ሐውልት ዘንድ ነበር። ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው እዚሁ፣ አንበሳው ፊት ነው። አካባቢው ለመኪና ማቆሚያ አይመችም፤ ስለዚህ እኛን አውርዶ ሲዞር ቆየ። ከመውረዳችን በፊት ግን ከመኪናው ኋላ ዓሣ አጥማጆች የሚይዟት ዓይነት ታጣፊ ወንበር አውጥቶ ሰጠን። ባለቤቴ እዚያች ላይ ተቀምጦ ሐውልቱን በረጋ መንፈስ ተመለከተ። ልጅነቱን ያሳለፈው ለገሃር አካባቢ ስለሆነ ያንን አንበሳ እንደ ሰፈሩ ሰው ነው የሚያውቀው። ምንም ሳይናገር ብዙ ቆየ፤ እኔም አልነካሁትም።

የኔ ዋና ምስጋና ግን ለዚያ ምሽት ነው።

ባለቤቴ በወጣትነቱ ሯጭ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ይሮጥ ነበር። ሹፌራችን ይህን በጨዋታ መሀል ሰምቶ ኖሮ፣ ከመሸ በኋላ ወደ ሆቴል ይወስደናል ስንል «አንድ ቦታ ቀርቷል» ብሎ ፖርታ ካፔና አወረደን። የአክሱም ሐውልት እስከ 1996 ዓ.ም. ቆሞ የነበረው እዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጣልያን ሐውልቱን ልትመልስ በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውሉ ላይ ፈርማ፣ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። ዛሬ በአካባቢው የኒውዮርኩ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። ሐውልታችን እዚያ እንደነበረ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ አይታችሁት ታልፋላችሁ።

ከዚያ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የሚወስደው ጎዳና ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የማራቶኑን መጨረሻ የሮጠው በዚህች መንገድ ነው። ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ መንገዱም በችቦ ብርሃን ነበር የሚታየው። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከጎኑ አልተለየም ነበር። አበበ የአክሱም ሐውልት ባለበት አካባቢ አፈትልኮ ወጣ፤ ቅስቱ ጋ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ብሎ በዓለም ክብረ ወሰን ገባ። ራዲ 25 ሰከንድ ቆይቶ ነው የደረሰው።

«ጋሼ፣ ከዚህ እስከ ቅስቱ ደረጃ የለም። በርስዎ እርምጃ እንሂድ» አለው። ወንበሯን ትከሻው ላይ አንግቶ አብሮን ተራመደ። ባለቤቴ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ሹፌሩ አንድ ጊዜም አላጣደፈውም፤ ሲቀመጥ ቆሞ ያጫውተዋል፣ ሲነሣ ክንዱን ይሰጠዋል። መንገዱ ዳር ያለው ግንብ ላይ ለአበበ መታሰቢያ የተለጠፈ ሰሌዳ አለ። ሹፌራችን በስልኩ መብራት አበራለትና ባለቤቴ የአበበን ስም በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱን ሲያነሣ አልሰማሁም። ቅስቱ ሥር ስንደርስ ሁለቱም ተቃቀፉ፤ እኔ ፎቶ ማንሣቱን ትቼ አለቀስኩ። ልጆቻችን ያን ያህል ገንዘብ አውጥተው ሮም የላኩን ለዚህ ነው ብዬ አመሰገንኩ።

በኋላ ሂሳብ ስንተሳሰብ የዚያን ምሽት ሰዓት አላስገባውም። ብለምነው «እሱ ሥራ አልነበረም፤ እኔም ላየው ነው አብሬያችሁ የሄድኩት» አለኝ።

በማግሥቱ ቅዱስ ጴጥሮስ ወሰደን። ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1548 ሮም ላይ ማሳተም የጀመሩት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ኮሌጅም እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። እንደ ባዚሊካው ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ ባይሆንም፣ የት አቅጣጫ እንደሆነ አሳይቶን አደባባዩ ላይ ቆመን ጸሎት አድርሰናል።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፤ ሰውየው ሹፌር እንጂ አስጎብኚ አይደለም። እሱም ከመነሻው ይህንኑ ነው የሚናገረው። ጣልያን ውስጥ አስጎብኚነት የራሱ ፈቃድ ስላለው፣ ሙዚየም ውስጥ ገብቶ የሚያስረዳችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ ይላችኋል። እሱ የሚያወራችሁ መንገድ ላይ፣ እንደ ወንድም ነው። ምግብ ቤት ሲወስደን እንኳ ቴርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቤቶች እኛ የመረጥነው ጋ አድርሶን፣ ምሳውን የራሱን ራሱ ከፈለ።

የመጨረሻው ቀን ሩጫው የታወቀ ነው፤ ስጦታ፣ ሻንጣ፣ ኤርፖርት። እዚህም ላይ የነገረን ነገር ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ከ70 ዩሮ በላይ ስትገዙ ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ የታክስ ተመላሽ ፎርም መጠየቅ ትችላላችሁ። ፊውሚቺኖ ኤርፖርት ስትደርሱ ደግሞ ሻንጣችሁን ለአየር መንገዱ ከማስረከባችሁ በፊት የታክሱን ጉዳይ መጨረስ ነው፤ ጉምሩክ ዕቃውን ልይ ሊል ይችላልና። እኛ ለልጆቹ የገዛነውን ጫማና ቦርሳ ሁሉ ለብቻው በአንድ ሻንጣ፣ ከላይ ከላይ እንድናደርገው መክሮን ነበር። የእጅ ሚዛን ይዞ መጥቶ ሻንጣዎቻችንን እዚያው ሆቴሉ ኮሪደር ላይ መዘነልን። ከ23 ኪሎ ያለፈውን አውጥተን ወደ ሌላው አዛወርን። ኤርፖርት ላይ መሬት ተቀምጦ ሻንጣ መፍታት የለ፣ መጨቃጨቅ የለ። የታክስ መስኮቱ ጋ ወረፋ የያዘልንም እሱ ነው፤ ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

ለሁሉም ሰው እሱን ያዙ አልልም፤ እሱም አይልም። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ብቻዋን አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ልትሄድ ስትደውልለት «ሆቴልሽ ቴርሚኒ አጠገብ ከሆነ በኤርፖርቱና በቴርሚኒ መካከል የሚመላለስ ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር አለልሽ፤ በ32 ደቂቃ ያደርስሻል፣ ዋጋውም 14 ዩሮ ነው፤ ለኔ ለምን ትከፍያለሽ?» ብሎ መልሷታል። ዋጋው ርካሽ ነው ብዬም አላታልላችሁም። ግን አስቀድሞ በድምፅ መልእክት የሰዓቱንም የኤርፖርቱንም ሂሳብ ለይቶ ይነግራችኋል፤ መጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። መኪናው ተራ የቤት መኪና ናት፤ ንጹሕ ናት። አራት አዋቂ ከነሻንጣው አትይዝም፤ ብዛት ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩት። የድሮው ከተማ መሀል ውስጥ ለመኪና የተከለከሉ ሰዓቶችና መንገዶች ስላሉ ሁሉም በር ድረስ ያደርሰናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚቻለው ድረስ ተጠግቶ ያወርዳችኋል።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። የወለደች እናትህ ትባረክ። ጋሼህ ጉልበቱ ተሽሎታል፤ ማሰሪያውን አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስራል። የአበበን ሰሌዳ ፎቶ ልጆቹ አሳጥበውለት ሳሎን ሰቅለነዋል። አዲስ አበባ ስትመጣ ሆቴል እንዳትይዝ፤ ቤት አለህ።

ለሌሎቻችሁ፣ ስትጽፉልኝ የምትሄዱበትን ወር፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ከመካከላችሁ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው ካለ ጨምራችሁ ጻፉልኝ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሥራ ስለሚበዛበት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም በሉ።